ስመልሰው የተያዝኩበት መስቀል

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ሰኔ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ቅድስት፣ የእኔ ዓለም፤

ትናንት «እማዬ፣ የዜግነቱ ኢንተርቪው እንዴት ሆነ?» ስትይኝ የስልክ ካርዴ አለቀ ብዬ የዘጋሁብሽ ውሸቴን ነው። ሃያ ደቂቃ ነበረው። አፌ እምቢ ብሎኝ ነው። መስከረም ላይ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላሽ፣ ሳታገቢ፣ ዜጋ ሆኜ ላስመጣሽ ነበር ልፋቴ ሁሉ። እስኪ የሆነውን በወረቀት ልሞክረው።

ያቺን ብረት ፈላጊ ማሽን ነግሬሻለሁ፤ ክሪስታል ከተማ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ሲሸጥ፣ ጋራዥ ሴል ላይ የገዛኋትን፣ ጎረቤቴ ታክሲ ነጂው ጎንፋ «ምንዳዬ ወርቅ ልታወጣ ነው» እያለ ላገኘው ሁሉ የሚያወራባትን። ይሳቅ! ሳምንቱን ሙሉ ሆፕኪንስ የአረጋውያን ቤት ሰው ሳገላብጥና ሳጥብ እውልና ቤቴ ስገባ ግድግዳው ይመጣብኛል። ወዴት ልሂድ? አገሬ አልመለስ ነገር፣ ጥገኝነት ጠይቄ የቀረሁ ነኝ፤ እዚህም ሰው አልሆንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ማሽኗን ይዤ ወንዙ ዳር ስሄድ፣ ጆሮዬ ላይ ጢጥ ስትል፣ ያቺ ሰዓት የራሴ ናት። የድሮ ሰው የኮት ቁልፍ፣ የዛገ ማንኪያ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት። አጥቤ መስኮቴ ላይ እደረድረዋለሁ።

ሚያዝያ ላይ መስቀል አገኘሁ። የነሐስ ናት፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል፣ ማንጠልጠያዋ እንኳ ያልተሰበረ። ደስ ብሎኝ ለንስሐ አባቴ ለአባ ሐብተማርያም ባሳያቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ከነማተቡ የተቀበረ ሰው ቢሆንስ? ሂጂ፣ ካወጣሽበት መልሺው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛስ ሟች ስንቀብር ከአንገቱ ማተቡን እናወልቃለን እንዴ?

ሄድኩ። ጣል አድርጎ መምጣት ነውር መሰለኝና እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ አቡነ ዘበሰማያት ስል ፖሊስ ከኋላዬ ቆመ። ለካ ቦታው በታሪካዊነቱ የተጠበቀ ነው፤ አካፋ ማስገባት ክልክል። «ምን እየቀበርሽ ነው?» አለኝ። «መስቀል።» «የማን?» «አላውቅም።» አየሽልኝ መልስ! ሳወጣው ማንም አላየኝ፣ ስመልሰው ተያዝኩ። መስቀሉንም ማሽኗንም ወሰደና የፍርድ ቤት ቀጠሮ ጽፎ ሰጠኝ።

ጎንፋማ «የዜግነት ፎርሙ ላይ ተከሰሽ ታውቂያለሽ ይላል፤ ኖ በይና ሳይን አድርጊ፣ ማን ያያል!» አለኝ። ሐሙስ ኢንተርቪው ላይ እጄን አንስቼ ከማልኩ በኋላ የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ ስትጠይቀኝ ግን አልቻልኩም። የስ አልኳት። አልተቆጣችም። ፋይሉን ዘጋችና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዘሽ ነይ አለችኝ። ፍርድ ቤቱ የቀጠረኝ ለጥቅምት ነው።

መስከረም ካለፈ ወረፋሽ ሌላ ነው። ቢሮው ሄጄ አንድ ጠበቃ ስጠይቅ ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት አለኝ። እስከዚያም ካገባሽ እንደገና ከዜሮ ነው። እዚያው ደጃፉ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ማሪኝ ልጄ። መዋሸት አቅቶኝ አንቺን ጎዳሁ።

የሚፈልግሽን ልጅ፣ ደረሰን፣ ሁለት ዓመት «ጠብቅ» ያስባልኩሽ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሲልክ አክስትሽን ባየሽን «ልጅቷ አሜሪካ ሂያጅ ናት በያቸው» ብዬ ያስመለስኩትም እኔ። ያ ምስኪን ልጅ እስከዛሬ ምን ይለኝ ይሆን? በቃ። እኔ ላይ በሩ ተዘግቷል፤ አንቺ ላይም የምዘጋብሽ ምን በድለሽኝ ነው? አግቢው። ለባየሽ ነግሬያታለሁ፤ አሁን ሽማግሌ ሲመጣ እሺ ትላለች። «እናቷስ?» ብለው ሲጠይቁ ፈቅዳለች ትበላቸው። ቀሚስሽን ነጭ አድርጊው፤ ፎቶም ላኪልኝ፣ ከፊትም ከጎንም።

ጎጆሽን ያሙቅልሽ፤ የወለድሽው ይደግልሽ፤ እኔ ያላየሁትን ቀን እሱ ያሳይሽ።

ሳታይሽ የምትድርሽ እናትሽ፣
ምንዳዬ