ግማሽ ጉጥ

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የወይራ ቅርንጫፍ የቆረጠው ሰው ዛሬም አልተገኘም። ጫፏ ቆልመም ያለ፣ ለገና ዱላ የተፈጠረች ነበረች።

ሳምንቱን ሙሉ የመንደሩን ዱላ ሁሉ ስመረምር ሰነበትኩ። አማቴ አያ ደሴ «ምነው፣ የሰው ዱላ እንደ ሙሽራ ታያለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ሳቃቸው አላማረኝም። ደግሞ ራሴን ገሠጽኩ፤ የሚስቴ አባት ናቸው።

ቄሱን ወትውቼ ነገ ግዝት እንዲያነቡ ያደረግኩት እኔው ነኝ፦ የቆረጠም፣ አውቆ የደበቀም ውጉዝ ይሁን ተብሎ።

ከሰዓት በኋላ የራሴን ዱላ ቅባኑግ ልቀባ አወረድኩ። አማቴ ናቸው «ሸጋ ዱላ ነው፣ ዘንድሮ እንዳታሳፍረን» ብለው በቀደም የሰጡኝ፤ በጢስ ጠቁሯል። መያዣው ላይ ግማሽ ጉጥ አየሁ። ሆዴ አልቆርጥ ቢለኝ በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ቅጥሩ ወሰድኩት። ሌላው ግማሽ ዛፉ ላይ፣ ቅርንጫፏ የተቆረጠችበት ቦታ አለ። ሳስጠጋው ልክክ አለ።

ስመለስ ሚስቴ ከደጅ ቆማለች።

«ሌባው ተገኘ?»

«አልተገኘም» አልኳት።

ነገ ግዝቱ ሲነበብ ለሁለት ሰው ነው የሚነበበው።