ለገዛ ወንድማቸው የበረራ ፈቃድ የከለከሉት ሐኪም፦ የዶክተር ሌስሊ ቦውደን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሌስሊ ቦውደን ከአባታቸው ከአቶ ሲሪል ቦውደንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢኒድ ሃርግሪቭ እ.ኤ.አ. በ1941 በኩዊንስላንድ፣ ቻርተርስ ታወርስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ክላይቭ ዛፍ ላይ ሲወጡ ሌስሊ ከሥር ቆመው "ውረድ!" እያሉ አደጉ። አቶ ክላይቭ አንድም ቀን አልወረዱም።

ዶክተር ሌስሊ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው አጠናቀው በብሪስቤን ሕክምና አጠኑ፤ በ1965 ተመረቁ። በ1969 ነርስ ከነበሩት ከወይዘሮ ሞይራ ዴቭሊን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጆቻቸውን ጂልንና ሮዝሊንን አፈሩ። በ1972 በክሎንከሪ ከተማ ክሊኒክ ከፈቱ፤ በዓመቱም የአብራሪዎችን ጤና መርምረው የመብረር ብቃታቸውን እንዲያረጋግጡ ተሾሙ። ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤት ብቅ ሲሉ የሚያስለው ሳሉን ይውጥ፣ መነጽር ያደረገው ኪሱ ይከት ነበር። አብራሪዎቹ ስም አወጡላቸው፤ "ክንፍ ቆራጩ"።

ዶክተር ሌስሊ ፈሪ ነበሩ። በቀብር ላይ እንዲህ ማለት ወግ አይደለም፤ ነገር ግን ወይዘሮ ሞይራ ይህን ታሪክ ለምትጽፈው ልጃቸው "ይህን ካልጻፍሽ የምንቀብረው ሌላ ሰው ነው" ስላሉ ተጽፏል። በ1974 ጤነኛ ነህ ብለው ያሳለፉት አንድ አብራሪ በአየር ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ ተከሰከሰ። ከዚያ ወዲህ ያሳለፉትን አብራሪ ሁሉ በመጀመሪያው በረራው አብረውት ይወጡ ጀመር፤ ጎኑ ተቀምጠው፣ የማስመለሻ ከረጢት ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ዶክ፣ ኧረ ዓይንዎን ይግለጡ! በሬዎቹ እንኳ ቀና ብለው እያዩን ነው" ይሏቸው ነበር።

በ1986 በእናታቸው የልደት ምሳ ላይ፣ በአውሮፕላን ከብት ሲያሰባስቡ የኖሩት አቶ ክላይቭ ወሬ ጀምረው ሹካቸውን እንዳነሡ ዝም አሉ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሌላው ሰው ቃል የጠፋባቸው መሰለው። ዶክተር ሌስሊ ግን ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሱም።

በወሩ አቶ ክላይቭ ለዓመታዊ ምርመራ መጡ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የደም ግፊት፣ ሁሉም ደህና ሆነ።

"ሌስ፣ እንደ ኮርማ ጤነኛ ነኝ። ፈርምና ልሂድ።"

"ምሳ ላይ ጭልጥ ብለህ ነበር።"

"የእማዬን ጥብስ እያላመጥኩ ነዋ! ማን ጭልጥ የማይል አለ? ካላመንክ ከሌሎቹ አብራሪዎች ጋር እንደምታደርገው ጎኔ ተቀመጥና እየኝ።"

የቀድሞው ፈቃድ ገና አላበቃም ነበር። እምቢ ቢሉ ወንድማቸው ብቻቸውን እንደሚወጡ ያውቁ ስለነበር ዶክተር ሌስሊ አብረው ተሳፈሩ። የዚያን ቀን ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

ከከተማው በስተሰሜን ዝቅ ብለው ከብት ሲነዱ አቶ ክላይቭ "ያቺ ቀይ ላም ዘንድሮም..." አሉና አቆሙ። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ እጃቸው መሪው ላይ ነው፤ እሳቸው ግን አልነበሩም። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ታች ዘመመ። ዶክተር ሌስሊ "ክላይቭ! ክላይቭ!" እያሉ ጮኹ። ዛፎቹ መጀመሪያ ጥቁር ነጥብ ነበሩ፤ ከዚያ ቅርንጫፍ አወጡ፤ ከዚያ ቅጠላቸው አንድ በአንድ ተለየ። ነክተውት የማያውቁትን መሪ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው ጎተቱ። አውሮፕላኑ እየተንዘፈዘፈ ቀና አለ።

"...ጥጃዋን ጥላ ሸሸች" አሉ አቶ ክላይቭ። ቀጥለውም፣ "አንተ! ምን ነክቶህ ነው? መሪውን ልቀቅ!"

መሬት ሲወርዱ የአቶ ክላይቭ ንዴት ገነፈለ። "ፈርተህ መሪ ነጠቅከኝ፤ አሁን ደግሞ እኔን በሽተኛ ልታደርግ ነው?"

ከተማው አቶ ክላይቭን አመነ። ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም የታወቀ ፈሪ ነበርና። ዶክተር ሌስሊ በዚያው ከሰዓት በኋላ ፈቃዱን ከለከሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም፤ እናታቸውም በገና ማዕድ በጠረጴዛው ዳርና ዳር ያስቀምጧቸው ነበር። ዶክተር ሌስሊ ከዚያ በረራ የባሰ የፈሩት ሌላ ነገር ነበር። ለባለቤታቸው ደጋግመው "ያየሁት ፍርሃቴን ቢሆንስ? እንጀራውን በከንቱ ነጥቄው ቢሆንስ?" ይሉ ነበር።

በ1992 አቶ ክላይቭ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ሲቀዱ ኩባያውን ስተው እጃቸው ላይ ያፈሱ ጀመር። ሚስታቸው እስኪጮኹ ድረስ አላቆሙም፤ አልተሰማቸውምም። ታውንስቪል ከተማ ያሉ የነርቭ ሐኪም ሕመሙን አገኙት፤ ሳይጥል ለአፍታ ራስን የሚያስት የሚጥል በሽታ ዓይነት ነበር። አቶ ክላይቭ እጃቸው እንደተጠቀለለ ወደ ወንድማቸው ክሊኒክ መጥተው ከበሽተኞቹ ጋር ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ገብተው ተቀመጡ።

"ያን ቀን ስንት ጊዜ ጠራኸኝ?"

"እስክትመለስ ድረስ።"

በሚቀጥለው ገና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዶክተር ሌስሊ በ2009 ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 11 ቀን 2019 በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። የሰባ አራት ዓመቱ ወንድማቸው አቶ ክላይቭ ቦውደንም አሉ፤ ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

እግዚአብሔር የዶክተር ሌስሊን ነፍስ የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛ ለቀረነውም የሚፈራልን ሰው አያሳጣን።