ዝሆን ወጥቶበት ስለማያውቀው ደረጃ

ለከተማችን የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክቡር ኦምካርናት ትሪቬዲ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ ደህና ነው? ደረጃ ወጥቶ የሚወርድ ሰው ምንኛ የታደለ እንደሆነ ከሰባት ወር ወዲህ በሚገባ ስለተረዳን ነው ጉልበትዎን ማስቀደሜ።

እኔ ብሪጅኪሾር ሳሁ፣ በጣፋጭ ሠሪዎች ሰፈር «የዝሆን ቤት» የሚባለው ቤት ባለቤት ነኝ፤ ይልቁንም «የንጉሡ ዝሆኖች ያደሩበት» የሚለውን ሰማያዊ ሰሌዳ በራችን ላይ እስከቸነከሩልን ቀን ድረስ ባለቤት ነበርኩ። ስለተደረገልን ክብር እጅ ነሥቼ፣ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. እዚህ ቤት ዝሆን ገብቶ አያውቅም። ዝሆኑ አያቴ ነበሩ። ጃለቢ የሚባለውን ጣፋጭ ጠባሹ ቡድሴን ሳሁ ከሚሸጡት የሚበሉት ስለሚበልጥ ሰፈሩ ሁሉ «ዝሆኑ» ይላቸው ነበር፤ ቤቱም በዚያው ስም ቀረ። የከተማችን ጋዜጣ በታሪክ ዓምዱ ስሙን ብቻ ይዞ የንጉሥ ዝሆኖችን አስገባበት፤ ጽሕፈት ቤትዎ ጋዜጣውን ጠቅሶ መዘገበን፤ ጋዜጣው ደግሞ በሳምንቱ የእርስዎን መዝገብ ማስረጃ አድርጎ ደገመው። ከዚህ ወዲያ የልጅ ልጅ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

፪. የላኩልን መርማሪ እጅግ ትጉህ ሰው ናቸው። በሩን ለኩ፤ ስፋቱ ሁለት ክንድ አልሞላም። «ጌታዬ፣ ዝሆን በዚህ በኩል እንዴት ይገባል?» ብላቸው፣ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ «የድሮ ዝሆን ቀጭን ነበር፣ ወንድሜ» አሉኝ። እናቴ ከላይ በመስኮት ብቅ ብላ «አማቴ ግን ቀጭን አልነበሩም! በጎን ነበር የሚገቡት!» ብላ ጮኸችባቸው። ይህ ቃሏ በመዝገብዎ አልሰፈረም።

፫. የእንጨት ደረጃችን ባለፈው የዝናብ ወራት ከመሃሉ ወደቀ። ላስጠግን ብል፣ «የዝሆን መወጣጫ» ተብሎ በቅርስነት ስለተመዘገበ ሚስማር መምታት ክልክል ነው ተባልኩ። መሰላል ባቆም የቤቱን ጥንታዊ መልክ ያበላሻል ተብሎ ተነሣ። እኔ ግድግዳውን ቧጥጬ እወጣለሁ፤ የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናቴ ካላዋቲ ግን ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሮቲና ዳሏን፣ ማለትም ቂጣና ምስር ወጧን፣ በቅርጫት በገመድ እንስብላታለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን አጥሩን አክብረው ባለቤቷን ቆለፉባት።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ባለፈው ወር ከኛ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት ፑልማቲ ሞተች። እናቴ ወርዳ ፊቷን አልተሰናበተችም። ቃሬዛው በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ተሸካሚዎቹ ቆሙላት፤ የአበባ ጉንጉኗን ከላይ ጣለች። ጉንጉኑ ቃሬዛው ላይ አልደረሰም፤ ሰሌዳዎ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ቀን መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አበባው ደርቆ እስካሁን እዚያው ነው፤ ቅርስ መነካካት ስለሚያስቀጣ አላወረድኩትም።

እንግዲህ ወይ ዝሆኑን ከመዝገብ ያውጡልን፣ ወይ እናቴን ከቤት።

ለአያቴ ውፍረት የንግሥና ማዕረግ ስለሰጡልን ውለታዎን የማይረሳ፣ በቀሩት አራት እርከኖች ሥር ቆሞ መልስዎን የሚጠብቅ ታዛዥዎ፣

ብሪጅኪሾር ሳሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ሻይ አፍልታ ልትጋብዝዎ ትፈልጋለች። ለመውጣቱ አያስቡ፤ ትከሻዬን አበድርዎታለሁ። ለመውረድ ግን ደረጃው መጠገን አለበት፤ ለጥገናው ደግሞ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ፎቁ ላይ ሳሉ ቢሮዎ ሄደን ብንጠይቅም «ኃላፊው የሉም» መባላችን አይቀርም።