ወፍራሙ ሞርታዴላ

ወንድሜ ኦሬስቴ፣

ወደ ማለዳው ቅዳሴ ሄጃለሁ፤ ስመለስ ሐኪሙን ይዤ እመጣለሁ።
ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ የአሳማ ሥጋ ቋሊማው፣ ሞርታዴላው፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ሳትጠብቀኝ ብላ።

ትናንት ሳንድዊቹን ስትሰጠኝ፣ በጎረቤታችን በሲኞራ አርሚዳ ፊት «በመጥረቢያ ነው እንዴ የቆረጥከው? አርባ ዓመት በሱቅህ ሥጋውን እንደ ወረቀት ስታሳሳ የኖርክ ሰውዬ!» አልሁህ። እርሷም ሳቀች። አንተም «ከነገ ጀምሮ ራስህ ቁረጣ፣ አንተ ጻድቅ!» ብለህ ቢላዋውን አስቀመጥህ።

ቀኝ እጅህ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንደበትን ስለ መግታት ለምእመናን ስንት ዘመን አስተምሬአለሁ።
ሌሊቱን ለጸሎት ቆሜ ነበር፤ መጽናናት ግን አላገኘሁም።

ሐኪሙ ሲጠይቅህ፣ ከእኔ እንደ ደበቅኸው ያን እጅህን ከሽርጥህ ሥር አትደብቅበት።

ካሲያኖ