ሦስት ሜትር ከጣራ በላይ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አብረሽ የላክሽው ባለ ቀለም መጽሔትም ደርሶኛል። ሽፋኑ ላይ ለምለም ቅጠል ያቀፉ ሁለት እጆች አሉ። የማን እጆች እንደሆኑ አላውቅም፤ ልብስ አጥበው የሚያውቁ ግን አይመስሉም።

«ደንቡ ከወጣ ወዲህ አየሩ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አየሩ በጣም ጥሩ ነው፤ መንገዱ ላይ። እኔ ግን መንገዱ ላይ አልኖርም።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ ስልክ አልወድም። በስልክ ሰው ያሰበውን ሳይሆን አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚናገረው። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ቤት ተቀምጬ ሌላው የጻፈውን ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና መጻፍ ይሻለኛል። ጎረቤቴ ነርሷ ስለ ሳሌ የጻፈችልሽንም ከቁም ነገር አትቁጠሪው። እሷ ሰው ሲያስነጥስ አምቡላንስ የምትጠራ ሴት ናት።

ያደግሽበትን ቤት ካልረሳሽው፣ እኛ ዳገቱ ላይ ነን፤ የአባትሽ ላውንደሪ ደግሞ ከአጥራችን ሥር፣ ዋናው መንገድ ዳር። ድሮ የቦይለሩ ጭስ ማውጫ አጭር ስለነበር ጭሱ መንገዱ ላይ ይተኛ ነበር። ባለሱቆቹ ያስላሉ፣ ይሳደባሉ፣ መደርደሪያቸውን ሲወለውሉ ይውላሉ። ከዚያ የእናንተ መሥሪያ ቤት ለትንንሽ ከተሞች ያዘጋጀው ደንብ መጣ። ማዘጋጃ ቤታችን አንብቦ ይሁን ሳያነብ እንጃ፣ እንዳለ ተቀበለው። ማንኛውም የቦይለር ጭስ ማውጫ ከቆመበት ሕንጻ ጣራ በላይ ሦስት ሜትር ከፍ ይበል ይላል። ከአዘጋጆቹ መካከል ያንቺን ስም ሳገኝ ያደረግኩትን ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ለዳቦ ሻጩ ሳይቀር አሳይቻለሁ።

አባትሽም ለደንብ ተገዢ ሆነ። በያጆች አምጥቶ ቱቦ ቀጠለ። የጭስ ማውጫው አፍ አሁን ከመኝታ ቤትሽ መስኮት ትክክል ቆሟል። ትክክል ስልሽ፣ መጥረጊያ ብዘረጋ እነካዋለሁ። እንደ ወሬኛ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ወደ ክፍሉ አፍጥጦ ይውላል፤ ወሬኛ ጎረቤት እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚያ ክፍል ነበር የምተኛው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ የአንቺ ፍራሽ ስለሚሻል ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ሰፈሩ «ባለ ሜትሩ» ነው የሚለው፤ ሜትሩ ከወገቡ ተለይቶ አያውቅም። ላውንደሪው ጣራ ላይ ሠራተኛ አስወጥቶ አስለካ፤ እሱ ታች መንገዱ ላይ ቆሞ ይጽፋል።

«አንተ ልጅ!» አልኩት ከመስኮቱ።

«አቤት እማማ!»

«እስቲ ወደዚህ ውጣና ከዚህ ለካው።»

«ተለክቷል እኮ! ሦስት ሜትር ከሃያ። ትርፍም አለው!»

«ትርፉ እኔ ቤት ገብቷል።»

«የእርስዎ ሌላ ሕንጻ ነው እማማ። ደንቡ የሚለው የቆመበትን ሕንጻ ነው።»

«አፍንጫህስ ምን ይላል?»

«አፍንጫ ቅጹ ላይ የለም!» አለና በራሱ ቀልድ እየሳቀ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሄደ። ዳገቱን አልወጣም። ለነገሩ ደንቡም ውጣ አይለውም።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ ለአባትሽ የምስክር ወረቀት ሰጠው። ሊቀመንበሩ ያ ቀለምና ምስማር የሚሸጠው ሰውዬ ነው፤ ሱቁ ከላውንደሪው ፊት ለፊት። «በሰፈራችን ጭስ ታሪክ ሆኗል!» ብሎ ሲናገር ባለሱቆቹ ሁሉ አጨበጨቡ። እጄን አወጣሁ።

«ጭሱ ታሪክ አልሆነም፤ አድራሻ ነው የቀየረው» አልኩ።

«እትዬ፣ ታዲያ መስኮትዎን ለምን አይዘጉትም?» አለኝ፤ ምክር የሰጠ መስሎት።

«እርስዎስ ያኔ ሱቅዎን ለምን አልዘጉትም ነበር?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የሚቀጥለው አጀንዳ የምስክር ወረቀቱ በምን ዓይነት ክፈፍ ይሰቀል የሚል ነበር። ይህን ፈጥሬ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። አባትሽ የፊተኛው ወንበር ላይ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀርቅሯል። የተሸለመ ሰው አይመስልም ነበር።

በሳምንቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ አባትሽ ነው፤ ከኋላው አንድ ቧንቧ ሠራተኛ። እኔና አባትሽ የተለያየንበትን ነገር ታውቂያለሽ። ከእኔና ከቦይለሩ አንዱን ምረጥ አልኩት፣ ቦይለሩን መረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍል ወጥቶ ይህን ዳገት ረግጦት አያውቅም።

«ጣራሽን ፈልጌ ነው» አለኝ።

«ድሮ እንዴት አደርሽ የሚባል ነገር ነበር።»

«እንዴት አደርሽ። ጣራሽን ፈልጌ ነው።»

ልስቅ ነበር። ሰሞኑን ግን መሳቅ ትቻለሁ፤ አንዴ ሳሉ ከጀመረኝ ቶሎ አይለቀኝም።

ነገሩን ያስረዳኝ ቧንቧ ሠራተኛው ነው። የእናንተ ደንብ መጨረሻ ላይ፣ ማንም አንብቦ የማይደርስበት ቦታ፣ አንድ የረባ ነገር አለ፦ ማዘጋጃ ቤቱ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ለላውንደሪዎች ያውሳል፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ካላቸው። የአባትሽ ጣራ ያረጀ ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ ላይ ዳገቱ እስከ ቀትር ያጠላበታል። የእኔ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ሶሌታ ነው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አይለየውም። እዚህ የሞቀው ውሃ ያለ ፓምፕ በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል። ቦይለሩ ጋ ሲደርስ ግማሽ ሥራው አልቋል፤ ለቀረው ትንሽ ጋዝ ይበቃል።

«ለደንበኞችህ ሸሚዝ ብዬ ጣራዬን አልሰጥም» አልኩት።

«ለሸሚዝ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

በትከሻዬ አሳልፎ ወደ ውስጥ ያያል። አልጋዬን ሳሎን አውጥቼዋለሁ፤ ለማንበብ ብርሃኑ ይሻላል ብዬ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው እንደዚያ ነው። አልጋውን አየ። ያንቺ ክፍል በር ሥር የጎሰጎስኩትን እርጥብ ፎጣ አየ። ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣው ሰውዬ ወደ ፎጣው ጠቆመና፣

«ፎጣውን አንሺው፤ በሩን ያበሰብሰዋል» አለኝ።

እኔ ያገባሁት ሰው ይኸውልሽ። በሩን ዘጋሁበት። ቧንቧ ሠራተኛው ብቻ በተዘጋው በር በኩል፣ «እትዬ፣ እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ማሞቂያው ለሌላ ሰፈር ይሄዳል!» እያለ ጮኸ።

በማግስቱ ይኸው ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ፤ «እባክሽ እማዬ፣ ፍቀጂለት» የሚል። አባትሽ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ለአንቺ ጽፎልሻል ማለት ነው። አባትና ልጅ በእኔ ጣራ ላይ እኔን ሳትጠይቁ ተመካከራችሁ። ግሩም ነው።

እንግዲህ ከመከርሽኝ አይቀር እኔም ልምከርሽ፤ መሥሪያ ቤትሽ ወስደሽ አንብቢላቸው። ጭስን ከፍ ማድረግ ጭስን ማጥፋት አይደለም፤ ከፍ ብሎ ለሚኖር ሰው መስጠት ነው። ደንባችሁ ቱቦው ምን ያህል እንደሚረዝም ይናገራል፤ ሥሩ ምን እንደሚነድ አንዲት ቃል የለውም። አባትሽ የሚያነደው ከጋራዥ የሚሰበስበውን የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ሲጠፋ ደግሞ ቀለም የተቀባ የበርና የመስኮት ስብርባሪ። ባለ ሜትሩ በአጠገቡ አልፎ ቁመት ጻፈ። ለምን? ቁመት ከመንገድ ላይ ስለሚታይ። መለካት ካማራችሁ ሰው ከሚተኛበት ለኩ። ከምንም በፊት ደግሞ የሚነደውን ነገር ከልክሉ፤ ስትከለክሉም በምትኩ የሚሠራበትን በእጁ ይዛችሁ ኑ። ማሞቂያውን ከመጨረሻው ገጽ አንስታችሁ መጀመሪያው ላይ ብታደርጉት ኖሮ ይህ ሁሉ ብየዳ ባላስፈለገ። እኔ ዕድሜ ልኬን ያረምኳቸው ጋዜጠኞች እንኳ ዋናውን ነገር ከላይ መጻፍ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ እነሱም ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ነግሬሻለሁ።

ዓርብ ዕለት ፈረምኩ። ለአባትሽ ብዬ አይደለም፤ ለአንቺም ብዬ አይደለም። የሰፈሩ ማሞቂያ ሌላ ሰፈር ሲሄድ ማየት ስላልፈለግኩ ነው። ደግሞም በነጻ አልሰጠሁትም። የውሃው መዝጊያ እኔ ጣራ ላይ ይሆናል፤ ያን የጋራዥ ዘይት ባነደደ ቀን እዘጋበታለሁ።

«እና ዕድሜ ልኬን ስለምንሽ ልኖር ነው?» አለኝ አባትሽ።

«ዕድሜ ልክህን አይደለም። በየጠዋቱ ብቻ።»

ይህን የምጽፍልሽ እላዬ ላይ መዶሻ እየተመታ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ከኮርኒሱ የሚወርደው ነው፤ አራግፈሽ አንብቢው። አባትሽ በዚህ ዕድሜው መሰላል ላይ ቆሞ፣ ሥራውን ጠንቅቆ ለሚያውቀው ቧንቧ ሠራተኛ ትእዛዝ ይሰጣል። ውሃ ጠማኝ እያለም ይወርዳል። አንድ ሰው በቀን ያን ያህል ውሃ አይጠጣም። በወረደ ቁጥር ብርጭቆውን እንደያዘ አተነፋፈሴን ሲያዳምጥ እይዘዋለሁ። ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

ትናንት ቧንቧውን ከቦይለሩ ጋር ለማገናኘት ሲባል እሳቱ ሳይነድ ዋለ። ፎጣውን አነሳሁና ያንቺን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መጋረጃሽ ከሰል መስሏል። አባትሽ ሳይጠይቀኝ ገንጥሎ ይዞት ወረደ። ማታ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እንደ ደንበኛ ልብስ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ምስጋና የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበር ላይ ወጣና ሰቀለው። አጣሞ ነው የሰቀለው። አላስተካከልኩትም።

ሌሊቱን ያንቺ አልጋ ላይ ተኛሁ። ሳልነቃ ነጋ።

የሥራሽ ፍሬ ከወረቀት ወርዶ ሰው ቤት ሲደርስ ለማየት ያብቃሽ። ፈጣሪ ከክፉ ሰውና ከመጥፎ አለቃ ይሰውርሽ፤ ቀና ሰው ያግጥምሽ፤ የምትተነፍሽው አየር ንጹሕ ይሁን። ያን ደንብ አርሚው።

እሑድ ደውዪ፤ አነሳለሁ። ብቻ አታስቂኝ።

እናትሽ