«ደህና ነው» ያልከኝ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ባህሩ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ውቢትስ? ኤርሚ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ተመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ ባስ ይዤ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እንባ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል።

አምስተርዳም እንዴት ነበር ብለኸኛል። ቆንጆ ነው። ግማሹ መንገድ ውሃ ነው፤ ቤቶቹ ቀጫጭን፣ ወደ ፊት ዘመም ያሉ። ደረጃቸው ስለሚጠብ ዕቃ የሚያስገቡት በመስኮት ነው አሉ፤ ለገመዱ ጣራው ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ። አባባ አናጢ አይደል፣ ይወደዋል ብዬ መንጠቆውን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ።

አብራኝ የነበረችው የአክስታችን ልጅ ሔርሞን ናት። እዚህ ቶሮንቶ ስለተወለደች ሁለት ቃል በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ነው የምትጨርሰው። ያን ቀን ግን «አይዞሽ፣ ብዪ» ስትለኝ ዋለች። ከጠዋት ጀምሮ በእግራችን ስንዞር እጄን አልለቅ አለች። «ምነው፣ ሙሽራ አደረግሽኝ?» ብላት ፊቷን አዞረች። ብስክሌት እንዳይገጨኝ ፈርታ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ድልድይ ላይ ቆሜ ደወልኩልህ። አባባስ ስልህ «ደህና ነው፣ ጋደም ብሏል» አልከኝ። ድምፅህ ሲጎረንንብኝ ጉንፋን ነው አልክ። ለካ ከቀበራችሁት አንድ ቀን ሆኖታል። እኔ ከድልድዩ ወርጄ ባርኔጣ ገዛሁለት፤ በሔርሞን ጭንቅላት እየለካሁ።

ቶሮንቶ በገባን ማግስት፣ ማለዳ፣ አክስታችን እትዬ ጸሐይወርቅ ሰው አስከትለው በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው ገባኝ። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

መርዶ በሰው አገር መንገድ ላይ አይነገርም ብለህ ነው። ወጉን አውቃለሁ። ሔርሞንም ታዝዛ ነው፤ ያን ሁሉ ድልድይ ጉዱን በሆዷ ይዛ ስትሻገር መዋሏን ሳስብ አሳዘነችኝ። አንተን ግን ተቀይሜሃለሁ። «ደህና» የምትለዋን ቃል አበላሸህብኝ። በዚህ ሳምንት ሦስቴ ደወልኩ፤ ሦስቴም «እማዬ ደህና ናት፣ ጋደም ብላለች» አልከኝ።

እባክህ ጋሼ፣ ደህና ናት አትበለኝ። ስልኩን አልጋዋ ድረስ ውሰድላት፤ ለምን ጠፋሽ ብላ ትቆጣኝ። ካልሆነም እውነቱን ንገረኝ፤ መንገድ ላይ ብሆንም፣ ብቻዬን ብሆንም።

ውቢትን ሳምልኝ። ኤርሚን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ። ባርኔጣውን ልኬልሃለሁ፣ አንተ አድርገው። ለእማዬ ግን ሰላምታ አታድርስልኝ፤ ቅዳሜ እደውላለሁ፣ ራሷ ታንሳው።

እህትህ ሰገነት
ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.