ኬላው ላይ የቆመው ሦስተኛ መኪና

ለልጄ፣

ሰላምታዬ አስቀድሞ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? የልጅ ልጄስ እንደምን ናት? ይህን መጠየቄ ቁጣዬ በርዶ እንዳይመስልህ፤ ወቀሳን ከሰላምታ ማስቀደም ስላልለመድሁ ብቻ ነው። እኛ ከእናትህ ዓይን በቀር ደኅና ነን። የእኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። የእሷ ጆሮ ግን የዓይኗንም ድርሻ ወርሶ ከቀድሞው ይበልጥ ሰልቷል፤ አንተን ያጋለጠህም እሱ ነው።

ለምን አልደወለልኝም ትል ይሆናል። የገዛህልኝ ስልክ መሳቢያ ውስጥ በሰላም ተኝቷል። ብደውልልህ ከምታሰማራቸው ሾፌሮች በሁለቱ መካከል ትሰማኛለህ፤ መልእክት ብልክልህም ሳታነበው «እሺ አባባ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን ሳያነቡት እሺ አይሉትም።

ባለፈው እሁድ ስትወጣ፣ ከእንግዲህ እግርህ ይህን ደጃፍ እንዳይረግጥ ብዬሃለሁ። ይህ ደብዳቤ ያንኑ ቃል በቀለም ለማጽናት የተጻፈ ነው። በቁጣ የተነገረ ነገር ውሎ ሲያድር ይረሳል ብለህ እንዳትጽናና፣ ምክንያቱንም አብሬ አስቀምጥልሃለሁ።

ሐኪሙ የእናትህ ዓይን ከእንግዲህ እንደማይመለስ በነገረን ቀን አጠገቧ የነበርኸው አንተ ነህ። እጇን ይዘህ፣ በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አንድ ሰዓት መጽሐፍ አነብልሻለሁ ብለህ ቃል ገባህላት። እኔ አላስገደድሁህም፤ እሷም አልለመነችህም። በእርግጥ ከአንተ በፊት እኔ ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን አርባ ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የኖረ ሰው መጽሐፍ ማንበብ አይሆንለትም፤ የተሳሳተ ፊደል ባየሁ ቁጥር እየቆምሁ አታሚውን ስረግም፣ «አንተ ሰው፣ ካንተ ጋር እኮ ሰውየው ከፈረሱ ሳይወርድ ሳምንት ሞላው» ብላ አሰናበተችኝ። በእኔ ቦታም አንተን ሾመች። ከሐሙስ ጀምራ እሁድን ትቆጥራለች። በመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበርህን ታስወለውለኛለች። የምትለብሰውን ልብስ ቀለሙን እየጠየቀችኝ ትመርጣለች፤ የማታየውን ልብስ።

እስቲ አሁን የእሁዱን እንየው።

መጣህ፤ ተቀመጥህ። መጽሐፉን ጉልበትህ ላይ፣ ስልክህን ደግሞ መጽሐፉ ላይ አኖርህ። ድምፁን አጥፍተኸዋል፤ ይህንም እንደ ትልቅ ጨዋነት ሳትቆጥረው አልቀረህም። ነገሩ ግን በየደቂቃው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም የእናትህ ቅንድብ ከፍ ይላል። አፍህ ያነባል፣ አውራ ጣትህ ይጽፋል። በመካከሉ ሁለት ቅጠል በአንድ ጊዜ ገለበጥህ።

ያቺ ሴት የማተሚያ ቤት አንባቢ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት የደራሲዎችን የእጅ ጽሑፍ ጮክ ብላ ስታነብልኝ የኖረች ናት። የተዘለለ ነገር ያመልጣት መሰለህ? ወዲያው ጣቷን አነሣች። ምልክቱን ታውቀዋለህ፤ በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሊያጣው አይችልም። ጣት ከተነሣ የጎደለ አለ ማለት ነው፤ የሚያነበው ሰው ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንተ ግን ቀና አላልህም። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አይ ነበር። ጣቷ እንደተነሣ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ ወረደ።

ቀጥሎ የመጣውን በሕይወቴ ካየሁት የኅትመት ስህተት ሁሉ በላይ አደርገዋለሁ። የመጽሐፉ ልጅ ከወንዙ ማዶ ያለ ወንድሟን ከምትጣራበት ስፍራ ስትደርስ፣ ምንም ሳትደናቀፍ፣ በዚያው በትረካው ዜማ፣ «ሦስተኛው መኪና ኬላው ላይ ቆሟል፤ ወረቀቱ አልተሟላም ይላሉ» ብለህ አነበብህ። ዓይንህ ከገጹ ወደ ስልኩ መንሸራተቱን አንተ ራስህ አላወቅህም።

እናትህ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ በትሕትና፣ «ምን ጭኗል?» ብላ ጠየቀችህ።

አንተ ሳቅህ። ጠርሙስ ነው አልሃት። የት ደርሰን ነበር ብለህ ስትጠይቃትም፣ ከመዝለልህ በፊት ያለውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የነገረችህ እሷ ናት። እንኳን ልታፍር፣ አመሰገንሃት።

ባለቤትህ እየሳቀች ያጫወተችን ነገርም ከዚሁ ይቆጠር። በቤታችሁ ልጅህ ምሳ ቀረበ ብላ ሁለት ጊዜ ጠርታህ ስላልሰማሃት፣ የእናቷን ስልክ አንሥታ ከጓዳ ወደ ሳሎን ደወለችልህ። አንተም ሳትዘገይ «አቤት፣ ስምሪት ክፍል» አልህ። የስድስት ዓመቷ ልጅም፣ «ምሳ ደርሷል፤ መኪናው ይምጣ» አለችህ አሉ። ባለቤትህ ስታወራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ይህንም አላየህም፤ በዚያን ጊዜ በረንዳ ላይ ወጥተህ ከአለቃህ ጋር ትነጋገር ነበር።

ከመቀመጫህ አስነሥቼ በወቀስሁህ ጊዜ የሰጠኸኝን ምክንያት አልዘነጋሁትም። መልስ ካልሰጠሁ ሾፌሩ ፀሐይ ላይ ይውላል አልህ። አለቃህ እሁድ የሚባል ቀን አያውቅም፣ አንድ ጊዜ ስልክ ያላነሣ ባልደረባህም በማግስቱ ከቦታው ተነሥቷል አልህ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ምናልባት ዝም እል ነበር። በሩን ይዘህ ዞር ብለህ ያልኸውን ግን አልውጠውም፦

«ይህን ሙያ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አባባ?»

እንግዲህ መዝገቡ ይስተካከል። አዎ፣ ሥራ ወደ ቤት አመጣ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ለእርማት የሚወጣውም ወረቀት ብዙ ነበር። የምግብ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ። እናትህ የእጅ ጽሑፉን ይዛ፣ «ነጠላ ሰረዝ፣ ትምህርተ ጥቅስ፣ አራት ነጥብ» እያለች ከነምልክቱ ታነባለች፤ እኔም ለቃሚዎች ለኅትመት የደረደሩትን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ እከተላለሁ። ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። ያን ጊዜ የነበረውን ጸጥታ ዛሬ ከየት አመጣዋለሁ? አንተ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠህ ትንፍሽ አትልም። አራት ነጥብ ሳይነበብ መናገር ነውር መሆኑን ገና በአራት ዓመትህ ጠንቅቀህ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ትኩሳት ይዞህ ኖሮ፣ የእናትህን ቀሚስ ጨብጠህ ሦስት ገጽ ሙሉ ቆመህ ጠብቀህ፣ የመጨረሻው አራት ነጥብ ከተነበበ በኋላ ነው «እማዬ፣ አመመኝ» ያልኸው። በማግስቱ ይህን ለባልደረቦቼ በኩራት አውርቼላቸዋለሁ። እኛ እንዲህ ያለ ሥርዓት ነበረን። ያን ሥርዓት ከአንተ የኪስ ጩኸት ጋር አንድ ማድረግህ ስድብ ነው። እኔን ብቻ አይደለም፣ እናትህንም ሰድበሃል። ስለዚህ በሩ ተዘግቷል።

እዚህ ድረስ የእኔ ቃል ነው።

በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ ሳይነበብ የሚላክ ጽሑፍ እንደሌለ ታውቃለህ። ከእሁድ ወዲህ እናትህ ከጨው አቀብለኝ ያለፈ ቃል ለእኔ ባትናገርም፣ ዛሬ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ከነምልክቱ አነበብሁላት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ከትኩሳቱ ስደርስ ብቻ፣ ብርሃን እንዳስቸገረው ሰው ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች።

ስጨርስ፣ በሩ እንዲዘጋ የወሰነው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኋት። አንባቢዬን ስታባርር እኔን ጠይቀሃል ወይ አለችኝ። አልጠየቅሁም። እንግዲያው የእኔም ቃል ይግባ፣ ጻፍ አለችኝ። ያለችው ይህ ነው፦

«ልጄ፣ እሁድ ና። ስልክህንም ይዘህ ና። አባትህ አልከፍትም ካለ እኔ በዳበሳ እከፍትልሃለሁ። ስታነብ ብትዘልም ግድ የለም፤ የዘለልከውን በሐሳቤ እሞላዋለሁ። ከግማሽ ሰው ጋር መኖር ዛሬ አልጀመርኩም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባይገባስ አልኋት። አራሚ የጸሐፊን ቃል አይቀይርም ስትል የኖርኸው አንተ አይደለህም ወይ አለችኝ። እኔም ያለችውን እንዳለ ጽፌ መልሼ አነበብሁላት።

«ልክ ነው፤ ይላክ» አለች።

እኔ በበኩሌ ይቅር አላልሁህም፤ ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። እናትህ ግን በማትፈቅደው ነገር ላይ ፊርማዬን ላኖር አልችልም። እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ሥር አልቆምም፤ ሌላ ወንበር አምጥቼ ከአጠገቧ እቀመጣለሁ።

ለአንተ ጤና፣ ለባለቤትህ የልብ ሳቅ፣ ለልጅህም አንድ ጊዜ ተጣርታ የምትሰማበት ቤት ይስጥልኝ።

አባትህ